እናቷ የሌለችበት ቃል

ዋሲላ ጂዳ ሆና ስትሳደብ ሐይቅ ከተማ ይሰማል። በስልክ ነው እንጅ በራሷ ጉሮሮማ አይደለም፤ ግን እህቷ ፈሂማ የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍታ ስለምታዳምጠው ጎረቤቱ ሁሉ ስድቡን በቃሉ ያውቀዋል።

«አንች የአሳ ጭንቅላት! ሰባተኛ ክፍል ላይ የቆመች ሰዓት! በሳምንት አስራ ዘጠኝ ቃል? አስራ ዘጠኝ? እኔ እኮ የማዳምን ሽንኩርት እየላጥኩ ሠላሳ አንድ አግኝቻለሁ፤ ያውም እያለቀስኩ!»

ፈሂማ መልእክቱን ሦስት ጊዜ ትሰማዋለች። አንዴ ለራሷ፣ አንዴ ለእናቷ ለራህማ፣ አንዴ ደግሞ እንዲሁ ደስ ስለሚላት። አስራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ማንም ሌላ ሰው እንዲህ ቢላት ፊቱን በአሳ ቅርፊት ትሞላለት ነበር።

ነገሩ ጨዋታ ነው። ዋሲላ ከማዳሟ ልጅ የለመደችው የእንግሊዝኛ ቃል ፍለጋ። ልጅቷ በታብሌቷ ስትጫወተው ዋሲላ ልብስ እየተኮሰች በትከሻዋ ላይ አሾልቃ ታይ ነበር፤ በወሩ ልጅቷን አስናቀቻት። አርብ አርብ ቤተሰቡ ዘመድ ጥየቃ ሲወጣ ለፈሂማ በቴሌግራም ሰባት ፊደል ትልካለች። በሰባቱ ብቻ ቃል መሥራት ነው፤ አንዱን ፊደል መደጋገም ይቻላል። ከሰባቱ አንዷ ግን ግዴታ ናት፤ እሷ ያልገባችበት ቃል አይቆጠርም። እህትማማቾቹ ያችን ፊደል «እናት» ይሏታል። ሰባቱም ፊደላት የተሰበሰቡበት ቃል «ሙሉ ቤት» ነው። እስከሚቀጥለው አርብ ብዙ ቃል ያገኘ ያሸንፋል፤ ያነሰው ይሰደባል። ያነሰው ማለት እንግዲህ ሁልጊዜ ፈሂማ ናት።

አንድ ጊዜ እናቷ የሌለችበት ቃል በስህተት ልካ የመጣባትን አትረሳውም። አራት ደቂቃ ሙሉ ነው ዋሲላ ያወረደችባት። «እናቷን ጥላ የወጣች ቃል አታምጭብኝ! ሰምተሻል? ከዚህ ቤት እናቷን ጥላ የወጣች እኔ አንዷ አልበቃም?» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ መሀል ላይ ተቆረጠና መልእክቱ አለቀ።

የወጣችው በ2010 ነው፤ ለውጥ መጣ ተብሎ ወጣቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ በጨፈረበት ዓመት። አስረኛ ክፍል ጨርሳ ነበር። «ሁለት ዓመት ብቻ» ብላ ሄደች፤ ሁለቱ ሦስት ሆነ። ፈሂማ ደግሞ ኮሮና ትምህርት ቤቱን ሲዘጋው ወጣች፣ ሲከፈት አልተመለሰችም። ማንም የከለከላት የለም። ማንም «ሂጅ» ያላትም የለም። እናቷ ከሐይቁ ዳር ከአሳ አስጋሪዎች ቆሮሶ እየገዛች መንገድ ላይ ጠብሳ ትሸጣለች፤ ቅርፊት የሚፋቅ ሰው ያስፈልጋት ነበር፣ ፈሂማም ፋቀች።

የእንግሊዝኛ ሀብቷ አንድ መዝገበ ቃላት ነው። ዋሲላ ዘጠነኛ ክፍል የተማረችበት፣ ሽፋን የሌለው፣ ሲገለጥ አሳ አሳ የሚሸት። ከኤስ ወዲያ ያለው ገጽ አንድ ክረምት እርጥብ እንጨት አላቀጣጥል ሲል እሳት ውስጥ ስለገባ፣ በፈሂማ ሂሳብ የእንግሊዞች ዓለም አር ላይ ያበቃል። ቀሪውን ከመንገድ ትለቅማለች፤ ከባጃጅ ተለጣፊ፣ ከዘይት ቆርቆሮ፣ ልባሽ ጨርቅ ተራ ከተሰቀለ ልብስ፣ ከመንገደኛ ደረት። ሰውዬው «ምን ታፈጥጫለሽ?» ሲላት «አንተን አይደለም፣ ሸሚዝህን ነው» ትላለች።

ያገኘችውን ቃል ጎረቤታቸው መምህር ፈንታሁን ያረጋግጥላታል። ትክክል መሆኑን ብቻ ነው የሚነግራት፤ «ሙሉ ቤቱን ንገሩኝ» ብላ ስትለምነው «በእህትማማቾች መሀል አልገባም» ይላል።

በ2013 አረፋ ለት ነው ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ የቀረው። ፈሂማ በስልክ «መቼ ነው የምትመጭው?» አለቻት።

«ያሸነፍሽኝ ዕለት።»

«አትቀልጅ!»

«ወላሂ! ያሸነፍሽኝ ዕለት ሻንጣዬን እዘጋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አሸንፊኝ።»

ራህማ እጇ ዱቄት እንደሆነ ከምድጃው ዞረች። «በአላህ ስም ምላለች፤ ምስክር ነኝ» አለች። «በይ አንች፣ አሸንፊያት!» ከዚያ ለት ጀምሮ አርብ ከሰዓት ፈሂማ ቅርፊት አትፍቅም። ማንበብ የማታውቀው ራህማ መንገድ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ባየች ቁጥር አንስታ፣ አራግፋ፣ በጡቷ መሀል ሸጉጣ ታመጣላት ጀመር። አንዴ የአይጥ መርዝ መጠቅለያ አመጣችላት። ሁለት ቃል ወጣው።

ፈሂማ ግን አታሸንፍም ነበር። ሃያ ሁለት በሠላሳ። ሃያ ስድስት በሠላሳ ሦስት። ሃያ ዘጠኝ በሠላሳ፤ ያን ሳምንት ዋሲላ ራሷ ደንግጣ ስድቡን ረስታው ነበር።

ጥቅምት 2014፣ አርብ፣ የመጨረሻዎቹ ፊደሎች መጡ። «ኤ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ አይ፣ ኤን፣ አር። እናቷ አር ናት» አለች ዋሲላ። «ሙሉ ቤት አላት። ሙሉ ቤቷ ደግሞ ከፊትሽ ናት፣ ሁልጊዜ ከፊትሽ ናት፤ ግን አንች ዕውር ነሽ። ደህና ሁኝ የአሳ ጭንቅላት፣ እማዬን ሳሚልኝ።»

በአራተኛው ቀን ኔትወርክ ጠፋ። መብራትም አብሮት ሄደ። ከወደ ሰሜን ቀን ሙሉ ሲያጓራ የነበረው ከባድ መሣሪያ ቀረበ፣ ሰውም ያለውን እየተሸከመ ወጣ። ራህማ መጥበሻዋንና አንድ ጣሳ ዱቄት ያዘች። ፈሂማን «ብርድ ልብሱን ያዥ» አለቻት፤ ያዘች፤ መንገድ ላይ ሲፈታ ከውስጡ መዝገበ ቃላቱና ደብተሩ ወደቁ።

«ያ ረቢ! ሰው ነፍሱን ይዞ ይሸሻል፣ ይቺ እንግሊዝኛ ይዛ ትሸሻለች!» አለች ራህማ። ግን ጎንበስ ብላ ያነሳችው እሷው ናት።

አርዲቦ ሐይቅ ዳር የራህማ ዘመዶች ቤት ተጠጉ፤ አስራ ሰባት ሰው በአንድ ጣራ ሥር። ራህማ የደም ግፊት ነበረባት፣ ኪኒኗ በሳምንቱ አለቀ። አንድ ቀን ውሃ ቀድታ ስትመለስ ዳገቱ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ስትነሳ የግራ እጇ አልታዘዝ ብሏት ነበር። ፈሂማ እናቷን እያስደገፈች፣ ከዘመድ ልጆች ጋር ለውሃ እየተራኮተች፣ በየመሀሉ ደብተሯን ትገልጥ ነበር። «ራን»፣ ሮጠ። «ሬይን»፣ ዝናብ። «ኢር»፣ ጆሮ። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ሲመጣ ፊደሎቹን በጣቷ ጉልበቷ ላይ ትጽፋለች። ካሸነፈች ዋሲላ ትመጣለች፤ ዋሲላ ከመጣች ኪኒኑም፣ የእማዬ እጅም፣ ሁሉም ነገር ይስተካከላል። እንዲህ ነው ያሰበችው፤ ሌላ የምታስበው አልነበራትም።

በታኅሣሥ ወደ ከተማ ተመለሱ። በሩ ተገንጥሏል፣ ቤቱ ባዶ ነው። ራህማ ግድግዳውን ተደግፋ ስታለቅስ ፈሂማ ቃል ለቀማ ወጣች። ይህን አሁን ሲያወሩት ልበ ደረቅነት ይመስላል፤ ያኔ ግን እንጨት እንደ መልቀም ነበር። ከእርዳታ ስንዴ ጆንያ ላይ «ግሬን» አገኘች፣ እህል። ከተቃጠለ ትራንስፎርመር ላይ «ዴንጀር»፣ አደጋ። ሐይቁ ዳር ከወደቀ የሎጅ ታፔላ ላይ «ጋርደን»፣ የአትክልት ቦታ። «ዴንጀር»ና «ጋርደን» በአንድ ዓይነት ፊደሎች የተሠሩ መሆናቸውን ስታይ ለዋሲላ ለመንገር ምላሷን በላት። ከአንድ ልባሽ ኮት ኪስ ከወጣ የሰው አድራሻ ካርድ ላይ «ኢንጂነር» አገኘችና መንገድ ላይ እልል አለች። ሰው ደመወዝ ተከፈለ መስሎት ዞረ።

ኔትወርኩ በጥር ሲመለስ አርባ አንድ ቃል ነበራት። ሙሉ ቤቱ ግን የለም። መዝገበ ቃላቱን ከኤ እስከ አር ሁለት ጊዜ ነው ያበጠረችው።

አርባ አንዱን በአንድ ትንፋሽ ጽፋ ላከች። «አለን፣ ደህና ነን፣ እማዬ ትንሽ አሟታል፣ አንች እንዴት ነሽ፣ ቁጠሪ!» አለች በድምፅ። ሁለት ቀን መልስ የለም። በሦስተኛው ቀን መጣ፤ በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ።

«አልሐምዱሊላህ ተረፋችሁ። ማሻ አላህ ፈሂማ፣ ጎበዝ ነሽ። እኔ ሃያ ስምንት ነው ያገኘሁት። አሸነፍሽኝ።»

ፈሂማ የጮኸችውን ጩኸት መምህር ፈንታሁን ሰምቶ ዱላ ይዞ ነው የመጣው። «አሸነፍኩ! እማዬ፣ አሸነፍኳት!» ራህማ ከተኛችበት በአንድ እጇ ተመርኩዛ ቀና አለች። «ጠይቂያት። መሐላውን ጠይቂያት።»

ጠየቀቻት። «ኢንሻ አላህ እመጣለሁ» አለ ጽሑፉ። «ለምን በድምፅ አታወሪም?» ስትላት፣ ማይኩ ተበላሽቷል አለች። «በይ እሽ ስደቢኝ» አለቻት ፈሂማ፤ ያለ ስድብ ማሸነፉ ጨው እንደሌለው ወጥ ሆኖባት። «ለምን እሰድብሻለሁ የኔ ቆንጆ» የሚል መጣ። ፈሂማ ትንሽ ግራ ገባት። ጦርነቱ ያለሰለሳት መሰላት። ስንቱን አለስልሶ የለ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ምግብ እንደ መድኃኒት ትፈራ የነበረችው ራህማ በላች፣ ወንድሟ ሳሊሕ ከየትም ብሎ ያመጣላትን ኪኒን ሳትነታረክ ዋጠች። በሁለተኛው ሳምንት ደጅ ወጣች። በሦስተኛው ግድግዳው ኖራ ይቀባ አለች፤ «ልጄ ጂዳ ኖራ መጥታ ይህን ጥቀርሻ ልታይ?» መጋረጃ ደግሞ ያስፈልጋል። «ምን ዓይነት ቀለም እንደምትወድ ጠይቂያት።» ፈሂማ ጠየቀች። «ያንች ምርጫ ይሁን» አለ ጽሑፉ።

አርብ አርብ ፊደሎች መምጣታቸው አልቀረም። ፈሂማ በሁለተኛው ዙር አሸነፈች። በሦስተኛውም። መምህር ፈንታሁን «እንዲህ ከሆነማ ተመዝገቢና ስምንተኛ ክፍል ፈተና ውሰጂ» እያለ ቀለደባት፤ እሷም ኮራች። አራተኛው ዙር ላይ እናቷ ቲ ነበረች። ፈሂማ ሐይቁ ዳር ቅርፊት ከሚፋቅበት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሃያ አራት ቃል ላከች፣ ከላከች በኋላ ዝርዝሩን ስታይ «ሆርስ» የሚል አየች። ፈረስ። ቲ የለችበትም።

ሳቀች። ወላሂ ሳቀች። «አሁን አለቀልኝ» አለች ጮክ ብላ። እናቷን ጥላ የወጣች ቃል! አራት ደቂቃ ስድብ ሊመጣ ነው፤ ማይኩ ቢበላሽ እንኳ ማይክ ተበድራ ትሰድበኛለች ብላ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። ናፍቋት ነበር።

«ማሻ አላህ፣ ሁሉም ልክ ነው» አለ ጽሑፉ። «አሁንም አሸነፍሽ።»

ውሃው ላይ አንድ ታንኳ ቀስ ብሎ ያልፍ ነበር። ፈሂማ ታንኳው እስኪርቅ አየችው። ከዚያ አምስት ቃል ከራሷ ፈጠረች፤ የትም አገር የሌሉ፣ አፍ የማይሞሉ። «እነዚህን ረስቻቸው» ብላ ላከች።

«ጎበዝ! ሃያ ዘጠኝ ሆነልሽ።»

«ማን ነሽ?» ብላ ጻፈች።

ስልኩ «እየጻፈች ነው» ይላል፣ ይጠፋል። ይላል፣ ይጠፋል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የድምፅ መልእክት መጣ። የአምባሰል ሴት ድምፅ ነው፣ የምታለቅስ።

«ሂንድ ነኝ እህቴ። የዋሲላ ጓደኛ፣ የውጫሌዋ። አንድ ፎቅ ነበር የምንሠራ። አፉ በይኝ፤ አፉ በይኝ እታለም። ኅዳር ላይ ሆዷን አመማት፤ ሐኪም ቤት ስትደርስ ውስጧ ፈንድቶ ነበር። ሁለት ቀን ነው የቆየች። ስልካችሁ አይሠራ፣ ለማን እንንገር? አጎትሽ ሲገኝልን ነው የነገርን። እናትሽ እስክትበረታ ልጅቷን አጫውቻት አለኝ። እኔ እንግሊዝኛም አላውቅ፤ ፊደሎቹን ከስልኳ፣ ለወደፊት ጽፋ ካስቀመጠችው እየቀዳሁ ነው የምልክልሽ። ልጅ ሲያሸንፍ ደስ ይለዋል ብዬ ነው።»

ፈሂማ አላለቀሰችም። ተነስታ ወደ አጎቷ ሱቅ ሄደች።

ሳሊሕ የሶላር ባትሪ እየጠገነ ነበር። ቀና ሲል ፊቷን አየና ካቻቢቴውን አስቀመጠ።

«አያ ሳሊሕ፣ ዋሲላን የት ቀበሯት?»

የሱቁን በር ግማሹን ዘጋ። «ማን ነገረሽ?» አለ።

«ማንም። እናንተ ናችሁ።»

«እዚያው ነው የተቀበረች። ሰግደውባታል፤ ሰው ነበራት።» ቁጭ አለ። «ፈሂማ፣ እኔ ደስ ብሎኝ መሰለሽ? ስልኬ ኔትወርክ ባገኘ ለት የመጀመሪያው ጥሪ ይኸው ነው። እናትሽ በዚያን ጊዜ አንድ እጇ ሞቷል። የጤና ጣቢያዋ ልጅ ‹አሁን ካስደነገጣችኋት አትነሳም› አለችኝ። መርዶ ወግ አለው፤ ሰው እንደ ቀልድ አይረዳም። ሽማግሌዎቹ ኪኒኗን እስክትጨርስ እንቆይ አሉ። ሰኞ ከሱብሂ ሰላት በኋላ ነው።»

«አርብ ነው ዛሬ።»

«አዎ።»

«እኔንስ?»

«አንች ልጅ ነሽ ብለን ነው» አለ ሳሊሕ።

«አታስቁኝ» አለች ፈሂማ፣ ከንፈሯ ግን መሳቅ እንቢ አለ። «ብታሸንፉኝ ኖሮ እኮ አላውቅም ነበር። ዋሲላ አንድ ቀን እንኳ አውቃ ተሸንፋልኝ አታውቅም። ባትሰድቡኝም እንኳ ብታሸንፉኝ...»

ሳሊሕ የሻርፗን ጫፍ ይዞ እንደ ሕፃን አፍንጫዋን ጠረገላት። «ሦስት ቀን ትችያለሽ? አንች እንኳን ምስጢር ትኩስ ሻይ አፍሽ ውስጥ አይቆይ።»

«እችላለሁ» አለች።

ራህማ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር፤ መጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ሦስት ዓይነት ከጎረቤት ተውሳ ጭኗ ላይ ዘርግታ። «ዛሬ አርብ አይደል? ምን አለች?»

ፈሂማ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ተሸነፍኩ» አለች። «‹አንች የአሳ ጭንቅላት፣ ሦስት ጊዜ ብታሸንፊ ሰው የሆንሽ መሰለሽ? እኔ እዚህ ደክሞኝ እንጅ አንችን በአንድ ዓይኔ ነው የማሸንፍሽ፤ ደግሞ ያንን የገማ መዝገበ ቃላት ፀሐይ ላይ አስጭው› አለችኝ።»

ራህማ እስክታስል ሳቀች። በደህና እጇ ጭኗን መታች። «ይቺ ናት ልጄ! እፎይ! ሰሞኑን እንዲያ ጨዋ ስትሆን ፈርቼ ነበር እኮ፤ ለአንችም አልነገርኩሽም እንጅ። ቀለሙንስ? መጋረጃውንስ?»

«ሰማያዊ» አለች ፈሂማ።

ቅዳሜን መጋረጃውን ስትሰፋ ዋለች። እናቷ አንድ እጅ ስለሆነች ጨርቁን ትይዝላታለች፣ ፈሂማ ትወጋለች። እሑድም እንዲሁ። ራህማ «ይህን ብለሽ ጻፊላት፣ ይህን ጠይቂያት» ትላለች፤ ፈሂማ ስልኩ ላይ ጣቷን ታንቀሳቅሳለች፣ ትጠብቃለች፣ ትሳደባለች። ስድብ ሲያልቅባት የድሮዎቹን ደገመች። ዋሲላ በሕይወቷ እንደዚያ ሁለት ቀን ብዙ አውርታ አታውቅም።

ሰኞ ራህማ ሱብሂ ሰግዳ ገና ከመስገጃዋ ሳትነሳ በሩ ተንኳኳ። ሳሊሕ ነው ከፊት። ከኋላው የመስጊዱ ኢማም፣ መምህር ፈንታሁን ጋቢውን ደርቦ፣ ሽማግሌዎች፣ ከነሱ ኋላ ዝም ያሉ ሴቶች። ራህማ አንድ በአንድ አየቻቸው። በመጨረሻ አዲስ የተቀባውን ግድግዳ አየች፣ መጋረጃውን አየች።

«ተቀመጭ ራህማ» አለ ሳሊሕ።

«ተቀምጫለሁ እኮ» አለች።

የጮኸችውን ጩኸት መጻፍ አይቻልም። ፊደል የለውም።

ፈሂማ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፣ እንባ አልመጣ አላት። ሴቶቹ «ይቺ ልጅ ደርቃ ቀረች» ተባባሉ፣ ውሃ ረጯት። ራህማ ግን አልሞተችም፤ ኪኒኑ ነው፣ ሦስት ሳምንት የበላችው ምግብ ነው፣ አላህ ነው፣ ማን ያውቃል። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤቱ ጸጥ ሲል ልጇን ጠራቻት።

«ሰማያዊ ያለችሽ መቼ ነው?»

«እኔ ነኝ ያልኩት፣ እማዬ።»

«ያን ስድብ ሁሉ?»

«እኔ ነኝ።»

ራህማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ከልጇ ጋር «አምጭ»ና «ውሰጂ» ካልሆነ ቃል አልተለዋወጠችም። ፈሂማ አርብ ከሰዓት ሳይቀር ቅርፊት ትፍቃለች። ደብተሯ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ተዘግቶ ተቀመጠ።

በመጋቢት መጨረሻ ሂንድ መጣች። ቀጭን፣ እድሜዋ የማይታወቅ፣ ጥቁር አባያ የለበሰች፤ ወደ አምባሰል ቤቷ ከመግባቷ በፊት የሰው አደራ ላድርስ ብላ። የዋሲላን ሻንጣ ራህማ እግር ሥር አስቀመጠችና ጉልበቷን ስማ አለቀሰች። ራህማም አነሳቻት፤ እሷን አልተቆጣቻትም።

ሻንጣው ውስጥ ልብስ ነበር፣ ለእናቷ የተገዛ ጫማ፣ ከታች ደግሞ አንድ ደብተር። «ይህን አልከፈትኩትም» አለች ሂንድ ለፈሂማ። «ሐኪም ቤትም ይዛው ነበር። የእናንተ የሁለታችሁ ነው ብዬ።»

ፈሂማ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ሰባቱ ፊደሎች ከላይ፣ አር ተከብባ። ከሥራቸው ቃል፣ ቃል፣ ቃል፤ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ የተጻፈ፣ እየወረደ ሲሄድ እየተንሻፈፈ። የመጀመሪያው በቀይ የተሰመረበት ነው፤ «ሪዲንግ»። ንባብ። ሰባቱም አሉ። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ «ሪድ» ብቻ ነው ያለው፣ አንብብ፤ ያን ገጽ ስንት ጊዜ እንዳነበበችው። ከፊትሽ ናት፣ ሁልጊዜ ከፊትሽ ናት።

በጣቷ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።

«ስንት ነው?» አለች ራህማ ከተቀመጠችበት። በወር ከምናምን ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀቻት ጥያቄ ነው።

«አርባ ስድስት።»

«ያንችስ?»

«አርባ አንድ።»

ራህማ ሰማያዊውን መጋረጃ ብዙ ጊዜ አየችው። «እንግዲያው አላሸነፍሻትም» አለች።

«አላሸነፍኳትም።»

«መሐላዋ አልፈረሰም።»

«አልፈረሰም እማዬ።»

«እሽ» አለች ራህማ። ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ መደቡ ላይ ቦታ ለቀቀችላት። «ነይ እስቲ፣ አንብቢልኝ።»

ፈሂማ እናቷ ጎን ተቀምጣ አነበበች፤ ቃሉን በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። ሂንድ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ትሰማለች። ዝናብ። ቅርብ። አረንጓዴ። እራት። ፈረሰኛ። ራህማ በየቃሉ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ሰው ሲመሰክር እንደሚሰማ። ጽሑፉ ሊነበብ እስኪያዳግት ወደተንሻፈፈበት ወደ ታች ሲደርሱ ፈሂማ ቆመች።

«ምነው?» አለች ራህማ።

«‹አይዲያ› ይላል። ሐሳብ።» ገጹን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «አር የለበትም። እናቷ የለችም!»

እናቷም ሂንድም አዩዋት።

«አንች!» አለች ፈሂማ ደብተሩን በጣቷ እየወጋች። «አንች የአሳ ጭንቅላት! እናቷን ጥላ የወጣች ቃል... አንች እኔን... አንች...» አራት ደቂቃ የሚያወርድ ስድብ ነበራት፣ ጉሮሮዋ ላይ ተራ ይዞ፤ አልወጣም። በምትኩ ከኅዳር ጀምሮ የቆየው ለቅሶ መጣ።

ራህማ በደህና እጇ የልጇን ራስ ስባ ጭኗ ላይ አስደገፈችው፤ ደብተሩ እንዳይረጥብ ሂንድ ቀስ ብላ ወሰደችው።

«ስደቢያት» አለች ራህማ። «አብሽሪ ልጄ፣ ስደቢያት። አንዷ ወድቃ በአራትም ቢሆን እሷው ናት ያሸነፈች።»